ሐይቁን ማን ይሻገር? በደሴት ላይ ስለሚወለዱ ጨቅላ ሕፃናት

(በኮሌጁ የሕዝብ ንግግር መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)



  በአዳራሹ የጤና ባለሙያዎች ብቻ ሳይሆኑ የሌሎች ትምህርት ክፍሎች መምህራንና የከተማችን ነዋሪዎችም እንዳሉ አያለሁ፤ ስለዚህ የሙያ ቃላትን በተቻለኝ መጠን እየፈታሁ ለመናገር እሞክራለሁ።

ንግግሬን የምጀምረው በመዝገብ ላይ ከጻፍኋቸው ሁለት ቃላት ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ፣ በምሠራበት ሆስፒታል አንድ ረፋድ ላይ አንዲት አረጋዊት ጨቅላ ሕፃን ታቅፈው መጡ። ሕፃኑ በነጠላ፣ በላዩም በጋቢ ተጠቅልሏል። ከጣና ደሴቶች በአንዱ በዋዜማው ምሽት የተወለደ ነው፤ ወሩ አልሞላም ነበር። አረጋዊቷ የአባቱ እናት ናቸው። ጋቢውን ስንገልጠው ሕፃኑ ይተነፍሳል፤ ደረቱና እግሮቹ ግን ቀዝቅዘዋል። የነበረን የሙቀት መለኪያ ከ35 ዲግሪ በታች ስለማያነብ ምን ያህል እንደቀዘቀዘ እንኳ ለማወቅ አልቻልንም። ሕፃኑ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሞተ። እኔም በመዝገቡ ላይ፣ በአስተያየት ዓምድ፣ እንደተለመደው «ዘግይቶ የደረሰ» ብዬ ጻፍሁ።

ከዚያ በፊት፣ ሳስታውሰው አሁንም ያሳፍረኛል፣ አረጋዊቷን «እናቴ፣ ምነው እስካሁን ቆያችሁ?» ብዬ በቁጣ ጠይቄያቸው ነበር። «ነፋሱ መቼ ለቀቀን፣ ልጄ» አሉኝ። መልሱ ያን ጊዜ አልገባኝም።

የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ ለሥራ ወደ ደሴቶቹ መመላለስ ስጀምር ነው። የሐይቁን ጠባይ የሚያውቁ ቀዛፊዎች እንደሚነግሩን፣ ጣና ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣበታል፤ ማዕበሉ እስኪበርድ ትንሽ ጀልባ አይደፍረውም። ስለዚህ መሻገሪያው ሰዓት ንጋት ነው። ያ ሕፃን ምሽት ላይ ተወለደ፤ ቤተሰቡ ሌሊቱን ጠብቆ ጎሕ ሲቀድ ተነሣ። ሊነሡ በሚችሉባት የመጀመሪያዋ ደቂቃ ተነሥተዋል ማለት ነው። እኔ ግን ዘገዩ ብዬ ጻፍሁባቸው። ሌላም ያልጠየቅሁት ነገር ነበር። እናቱ የት ነበረች? አራስ ናት፤ ምች እንዳይመታት፣ በማዕበሉም እንዳትንገላታ ተብሎ ቤት ቀርታለች። ሕፃኑን በዚያች ንጋት፣ በዚያ ክፍት ጀልባ ላይ፣ ሊያሞቀው ይችል የነበረው የእናቱ ገላ ነበር፤ እርሱ ደሴቱ ላይ ቀርቷል።

ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በደሴት ስለሚወለድ ሕፃን ስናስብ ቀድሞ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ፈጣን ጀልባ ነው። ጀልባ ያስፈልጋል፤ ወደ እርሱም እመለሳለሁ። ይሁን እንጂ ጨቅላ ሕፃናትን ከሚገድሉት ምክንያቶች ዋና ዋናዎቹ ከማናቸውም ጀልባ ይፈጥናሉ። ስለዚህ «በምን እንሻገር?» ከሚለው በፊት «ማን ይሻገር? መቼስ ይሻገር?» የሚለውን መመለስ አለብን።

ደሴቱና ቁጥሮቹ

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ የሀገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ከሠላሳ በላይ ደሴቶች አሉበት። ብዙዎቹን የምናውቃቸው በገዳሞቻቸው ነው። እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ ባሉት ሴት ስለማትገባ ልጅ አይወለድባቸውም። እንደ ደቅ ባሉት ግን ገበሬውና ዓሣ አስጋሪው ከነቤተሰቡ ይኖራል። ጎብኚ ወደ ደቅ የሚሄደው በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን ለማየት ነው፤ ሥዕሎቿን አይቶ በዚያው ዕለት ይመለሳል። በደሴቱ የምትኖር ነፍሰ ጡር ግን ምጥ ሲመጣባት ከእርሷና ከባሕር ዳር ሆስፒታሎች መካከል ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ውኃ ይዘረጋል። በሞተር ጀልባ የሰዓታት፣ በደንገል ታንኳ ደግሞ ከዚያ እጅግ የረዘመ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ ሰሜናዊና ሰሜን ምሥራቃዊ ዳርቻ የተስፋፋው እምቦጭም የጀልባ መውጫና መግቢያ የሚዘጋባቸው ጊዜያት አሉ።

ጣና ብቻውን አይደለም። በዝዋይ ሐይቅ የቱሉ ጉዶ፣ በአባያ ሐይቅ የጊዲቾ ነዋሪዎች አሉ። ደግሞም ደሴትን ደሴት የሚያደርገው ሐይቅ ብቻ አይደለም። ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁ በየብስ የምናውቃቸው ቀበሌዎች ክረምቱን ደሴት ሆነው ይከርማሉ። ድልድይ በሌለው ወንዝ ማዶ ያለ ቀበሌም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጥቂት ደሴቶች የምናገረው ለብዙ ሺህ ቤተሰቦች ይሠራል።

ሀገራዊውን ሥዕል በአጭሩ ላስቀምጥ። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 123ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ይህ ቁጥር ወደ 67 ወርዷል። ትልቅ ድል ነው። በዚሁ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱት ከ39 ወደ 29 ወረዱ። የታላላቆቹ ሞት በግማሽ ገደማ ሲቀንስ የጨቅላዎቹ የቀነሰው በሩብ ያህል ብቻ ነው። ዓለም በ2030 ለመድረስ የተስማማበት ግብ ግን 12 ነው።

ክትባት፣ አጎበርና የተቅማጥ ሕክምና ታላላቆቹን ሕፃናት አድነዋል። ጨቅላውን የሚገድሉት ሦስቱ ዋና ምክንያቶች ግን ሌሎች ናቸው፤ ሲወለድ መታፈን፣ ያለ ጊዜው መወለድ፣ ኢንፌክሽን። በዓለም ዙሪያ ከጨቅላ ሞት ሦስት አራተኛው የሚደርሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሲሆን፣ ብዙው በመጀመሪያው ቀን ነው። ሦስቱ ምክንያቶች የሚሰጡን ጊዜ የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ደቂቃዎችን፣ ሁለተኛው ሰዓታትን፣ ሦስተኛው ቀናትን ይሰጠናል። የደሴት የጤና አገልግሎት መታቀድ ያለበት በእነዚህ ሦስት የጊዜ ልኮች ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያዋ ደቂቃ

ሕፃን ተወልዶ ካላለቀሰ፣ ደርቆና ታሽቶ ካልተነፈሰ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ አየር ሊሰጠው ይገባል። ይህ የሚጨመቅ ከረጢትና የፊት ጭንብል ያለው ቀላል መሣሪያ ነው፤ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ኦክስጅን ባይኖርም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የታንዛኒያ ጥናት፣ በስምንት ሆስፒታሎች አዋላጆች ይህን እንዲለማመዱ ሲደረግ በመጀመሪያው ቀን የሚሞቱ ጨቅላዎች ቁጥር በግማሽ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ለዚህ ሕፃን የትኛውም ጀልባ አይደርስለትም። ሐይቁን ቀድሞ መሻገር ያለበት ዕውቀቱ ነው።

እዚህ ላይ የደሴት ልዩ ችግር ይመጣል። ለምሳሌ ያህል እናስላ። 5,000 ሰው በሚኖርበት ደሴት በዓመት 150 ያህል ሕፃናት ይወለዳሉ እንበል። ከመቶ አምስቱ አምቡ ባግ ቢያስፈልጋቸው በዓመት ሰባት ወይም ስምንት ሕፃናት ናቸው። ሁሉም በጤና ተቋም ቢወለዱ እንኳ፣ አንዲት አዋላጅ ይህን ሥራ በእጇ የምትሠራው በወር ተኩል አንድ ጊዜ ቢሆን ነው። ከፊሎቹ እናቶች በቤት ስለሚወልዱ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይሆናል። ሥልጠናውን ወስዳ የምስክር ወረቀቷን ግድግዳ ላይ ብትሰቅልም፣ የማይሠራበት እጅ ይረሳል። ከደሴት አዋላጆች ጋር ስንነጋገር ይህን ፍርሃት ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ብቸኝነቱን ይችሉታል፤ የሚያስጨንቃቸው በዚያች ደቂቃ እጃቸው እንዳይከዳቸው ነው።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። የመለማመጃ አሻንጉሊት በጤና ጣቢያው ማዋለጃ ጠረጴዛ አጠገብ ይቀመጥ፤ በየሳምንቱ ለአሥር ደቂቃ፣ ወይም ምጥ የያዛት እናት በገባች ቁጥር ከመውለዷ በፊት፣ አዋላጇ ከባልደረባዋ ጋር ትለማመድ። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ብዙ ወላድ ወደሚያስተናግድ ሆስፒታል ለሁለትና ለሦስት ሳምንታት መጥታ ትሥራ፤ የሆስፒታሉ አዋላጅ በእርሷ ቦታ ደሴቱ ላይ ትቆይ። በዚህ ልውውጥ ሁለቱም ይማራሉ። የሆስፒታሏ አዋላጅ ከዚያ በኋላ «ዘግይቶ የደረሰ» ብላ ለመጻፍ የምትቸኩል አይመስለኝም።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ወሩ ሳይሞላ የተወለደ ሕፃን ቆዳው ስስ፣ ከቆዳው በታች ያለው ስብም ጥቂት ስለሆነ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። የጨቅላ ጤናማ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ነው። የቀዘቀዘ ሕፃን አይጠባም፤ ያልጠባ ሕፃን የደም ስኳሩ ይወርዳል፤ ስኳሩ የወረደ ሕፃን ይበልጥ ይቀዘቅዛል።

እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ማሞቂያ ሣጥን ያጠራቸው ሐኪሞች ሕፃናቱን በእናቶቻቸው ጡቶች መካከል፣ ገላ ለገላ፣ ማሰር ጀመሩ። የካንጋሮ እናት እንክብካቤ የምንለው ይህ ነው። ለብዙ ዘመን ይህ ዘዴ ሕፃኑ በመሣሪያ ተረድቶ ከጠነከረ በኋላ የሚሰጥ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ 3,211 ሕፃናትን ያካተተው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ይህን አስተሳሰብ ለወጠው። ከ1 ኪሎ እስከ 1.8 ኪሎ ከሚመዝኑት ሕፃናት መካከል ወዲያው እንደተወለዱ ገላ ለገላ የታቀፉት በ28 ቀናት ውስጥ የሞቱት 12 ከመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 15.7 ከመቶ ሞተዋል። ይህ የሆነው በሆስፒታል፣ ከሌላ ሕክምና ጋር ተደምሮ ነው፤ ዘዴው ብቻውን ሁሉን ይፈውሳል አልልም። መሣሪያ በሌለበት ደሴት ግን የእናት ደረት የመጀመሪያው ሕክምና መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ማስረጃ አላውቅም።

ይህ ከልማዳችን ጋር የሚጋጭበት ቦታ አለ፤ ሸሽገን አናልፈውም። ሕፃን እንደተወለደ ይታጠባል፤ ቅቤ ይቀምሳል፤ እናት በደም ስለተዳከመች ሕፃኑ ለብቻው ተጠቅልሎ ይተኛል። ይህን የሚያደርጉት የልምድ አዋላጆችና አያቶች ሕፃኑን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። በቁጣ ያስተማርኋቸው አንዳች አልተቀበሉኝም። «ብርድ እንዳይመታው» የሚለውን የራሳቸውን ስጋት ይዤ ስነሣ ግን ሰሙኝ። ብርድ ያሰጋል፤ ስለዚህ እጥበቱ ቢያንስ ለአንድ ቀን ይቆይ፤ ስለዚህ ጋቢው ሕፃኑንና እናቱን አንድ ላይ ይጠቅልል። አያቶቹ ብርድን ከእኛ አስቀድመው ያውቁታል። እኛ የምንጨምርላቸው ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ኢንፌክሽን ቀናትን ይሰጠናል፤ ይሁን እንጂ ብዙ ቀናትን አይሰጥም። መጥባት ያቆመ፣ ሰውነቱ የተዝለፈለፈ፣ ያተኮሰው ወይም የቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ የፈጠነ ሕፃን ነገ ሊታይ አይችልም። ሕንድ ውስጥ በጋድቺሮሊ የገጠር መንደሮች የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ጥናት፣ የሠለጠኑ የመንደር ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ጨቅላዎችን ሲጎበኙና በመርፌ ሲያክሙ የጨቅላ ሞት በ62 ከመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

ሀገራችን ለዚህ መሠረቱን ቀደም ብላ ጥላለች። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየቀበሌው ሁለት የሠለጠኑ ሴቶችን አሰማርቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ ደግሞ፣ ወደ ሆስፒታል መላክ በማይቻልበት ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጀንታማይሲን በመርፌና አሞክሲሲሊን በአፍ ለሰባት ቀናት እንድትሰጥ ፈቅዷል። «መላክ በማይቻልበት ጊዜ» የሚለው ሐረግ ለደሴት የተጻፈ ይመስላል። ፈቃዱ ግን መድኃኒቱ ከሌለ ዋጋ የለውም። በየብስ ያለ ጤና ኬላ መድኃኒት ሲያልቅበት ከጎረቤት ቀበሌ ይበደራል፤ የደሴት ጤና ኬላ ጎረቤቱ ውኃ ነው። ስለዚህ የመጠባበቂያ ክምችቱ ከሌሎቹ ጋር እኩል ሳይሆን በእጥፍ ሊሰላለት ይገባል። ይህ በአንድ የመጋዘን ቅጽ ላይ አንድ ቁጥር መለወጥ ነው፤ ሕንፃም፣ ሞተርም አይጠይቅም።

እናት ቀድማ ስትሻገር

ሁሉም ነገር ደሴት ላይ ሊሠራ አይችልም። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋት፣ መንታ ያረገዘች፣ ደም ግፊቷ የጨመረ፣ ቀድሞ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ምጥ ከመጀመሩ በፊት መሻገር አለባት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። በምጥ ላይ ሆና ሌሊት በማዕበል ከምትሻገር፣ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀድማ በንጋት፣ በሰላም ትሻገር።

ለዚህ የእናቶች ማቆያ ቤት የራሳችን ተሞክሮ አለን። በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ማቆያ ቤት ለአሥርት ዓመታት ሠርቷል። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 በዚያ የወለዱ ከ24,000 በላይ እናቶችን መዝገብ የመረመረ ጥናት፣ በማቆያው ከቆዩት ሞተው የተወለዱት ከ1,000 ውልደት 18 ያህል ሲሆኑ በቀጥታ ከመጡት 191 እንደነበሩ ዘግቧል። ሁለቱ ወገኖች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ በቀጥታ የሚመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከጠናባቸው በኋላ የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ ልዩነቱን ሁሉ ማቆያው አመጣው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ቀድሞ በመምጣትና ምጥ ከጠና በኋላ በመምጣት መካከል ያለውን ገደል ቁጥሩ በግልጽ ያሳያል።

ታዲያ እናቶቹ ለምን አይመጡም? ስጠይቅ የሰማኋቸው መልሶች ቀላል ናቸው። ቤቴንና ልጆቼን ለማን ልተው? ማን ያበላኛል? አዝመራው ላይ ነን። አጠገቤ ማን ይሆናል? አንዲት እናት የሚያስፈራትን ስትነግረኝ ስለ ሕመሙ አላነሣችም። የእርሷ ስጋት ገንፎ የሚያገነፋላት ዘመድ በሌለበት መውለድ ነበር። እንግዲህ ማቆያ ቤት አልጋ ብቻ ከሆነ ባዶውን ይቀራል። ወጥ ቤት፣ ቡና የሚፈላበት ቦታ፣ ለአንዲት አስታማሚና ለትንሽ ልጅ የሚሆን ማደሪያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤት የቀሩትን ልጆች የሚይዝ የደሴቱ ሰዎች ስምምነት ያስፈልገዋል። ባሎችንም እናነጋግር፤ የመሻገሩን ቀን የሚወስኑት ብዙውን ጊዜ እነርሱ ናቸው።

ሕፃኑ የግድ ሲሻገር

ይህ ሁሉ ተደርጎም ወደ ሆስፒታል መሄድ ያለበት ሕፃን ይኖራል። ታዴዎስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 እናቶች ለምን እንደሚሞቱ ሲያስረዱ ሦስት መዘግየቶችን ለይተዋል፤ ለመሄድ በመወሰን፣ በመድረስ፣ ከደረሱም በኋላ ሕክምና በማግኘት። ደሴት ላይ ሁለተኛው መዘግየት ጌታው ነፋስ ነው፤ ነፋስን ደግሞ በመምከር አንመልሰውም። ልናሳጥር የምንችለው ሌሎቹን ሁለቱን ነው። የታመመው ሕፃን ሕክምና በጀልባው መነሻ ይጀመር፤ የመጀመሪያው መርፌ ከመሻገሩ በፊት ይሰጥ። ስልክ ተደውሎ ተቀባዩ ክፍል ይዘጋጅ። እናት አብራ ትሂድ፤ ሕፃኑ በደረቷ ላይ ታስሮ፣ በራሱ ላይ ቆብ ተደርጎለት፣ በላያቸው ጋቢና የዝናብ መከላከያ ሸራ ይደረብ። መጥባት ካልቻለ ወተቷ ታልቦ በትንሽ ኩባያ ይሰጠው። ጀልባው የሕይወት አድን ጃኬት ይኑረው። ይህ ዝርዝር በአንድ ገጽ ተጽፎ በእያንዳንዱ የደሴት ጤና ኬላ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ ይችላል።

የዋጋ ጉዳይም አለ። በየብስ አምቡላንስ ወላድን በነጻ ያመጣል። በውኃ የመጡ ቤተሰቦች ግን ጀልባ በኮንትራት መያዛቸውን፣ ለነዳጁም መበደራቸውን ነግረውኛል። አምቡላንስ ማለት አራት ጎማ ያለው ብቻ ነው የሚል ሕግ የለም። የወረዳ የአምቡላንስ በጀት የጀልባ ነዳጅንም እንዲሸፍን ማድረግ የሚቻል ይመስለኛል። ሕዝቡም የራሱ ሥርዓት አለው። በገጠራችን የቃሬዛ ማኅበር የሚባል አለ፤ ሰው ሲታመም አባላቱ ተራ ገብተው ተሸክመው መንገድ ያደርሳሉ፣ የቀረ ይቀጣል። የጀልባ ባለቤቶችና ቀዛፊዎች በተመሳሳይ ተረኛ የሚሆኑበት፣ እድሩ የነዳጅ መጠባበቂያ የሚይዝበት የውኃ ላይ የቃሬዛ ማኅበር ማቋቋም ለደሴት ሰው እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

በክልላችን ያለው ግጭት እንቅስቃሴን ያከበደበት ጊዜ መሆኑንም እዘነጋለሁ ማለት አልችልም። መሻገር ከነፋስ በተጨማሪ በሌላ ምክንያትም ሲዘጋ፣ ደሴቱ ላይ ያለ አገልግሎት ሕይወት የሚያተርፍ ብቸኛው አገልግሎት ይሆናል።

የሚቆይ ባለሙያ

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ይቆማል፤ ደሴቱ ላይ በምታድረው ባለሙያ። አንዲት አዋላጅ ብቻዋን ከተመደበች ለዓመት ፈቃድ ስትወጣ ወይም ስትታመም አገልግሎቱ ይዘጋል። ስለዚህ ምደባው ቢያንስ ሁለት ሊሆን ይገባል። ቤት ያስፈልጋታል። የፀሐይ ኃይል ያስፈልጋታል፤ ሌሊት በስልክ መብራት ማዋለድ የለባትም፤ ከወሊድ በኋላ ደም የሚያቆመው ኦክሲቶሲንም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ይፈልጋል። ደግሞም መውጫዋን ታውቀው ዘንድ ይገባል። ሁለት ዓመት ካገለገለች የትምህርት ዕድል ቅድሚያ ይኑራት። ደሴት የቅጣት ምደባ ነው የሚለው ወሬ እስካለ ድረስ ጥሩ ባለሙያ አይቆይም። ተማሪዎቻችሁን ስታሠማሩ፣ የዚህ ኮሌጅ መምህራን ሆይ፣ ጎበዞቹን ወደዚያ ላኩ።

መቍጠር

በመጨረሻ ስለ መቍጠር ልናገር። ሴት ስትወልድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን። መልካም ሰላምታ ነው፤ የሚናገረው ግን ለእናቲቱ ነው። ሕፃኑ እስኪጠመቅ፣ ወንድ ከሆነ አርባ፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን፣ ገና በእርግጠኝነት እንዳልመጣ እንግዳ ይቆጠራል። ቀድሞ ከሞተ ለቅሶው አጭር ነው፤ ሰው እናቲቱን «ሌላ ይተካልሽ» ብሎ ያልፋል። ይህ ጭካኔ አይደለም። ብዙ የቀበረ ሕዝብ ሐዘኑን የሚችልበት መንገድ ነው። ነገር ግን ስም ያልወጣለት ሕፃን መዝገብ ላይም አይሰፍርም። በሀገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ተጀምሯል፤ ልደት በ90 ቀናት ውስጥ ይመዘገባል። በሦስተኛ ቀኑ የሞተ ሕፃን ግን ልደቱም ሞቱም ሳይመዘገብ ሊቀር ይችላል። ያልተቆጠረ ሞት በጀት አይጠይቅም፤ ማንንም አይከስም።

ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ የደሴቱ ካህንና የእድሩ ዳኛ በየወሩ ተቀምጠው የተወለዱትንና ያለፉትን ሁሉ ይጻፉ። በእያንዳንዱ ሞት አጠገብም ሦስት ጥያቄዎች ይመለሱ፤ ሕፃኑ በስንት ሰዓቱ ታመመ? ሐይቁ በዚያ ሰዓት እንዴት ነበር? ሕፃኑ በማን ገላ ላይ ነበር? እነዚህ ሦስት መልሶች ቢኖሩኝ ኖሮ ያን ዕለት የጻፍኋቸውን ሁለት ቃላት አልጽፍም ነበር።

ያ መዝገብ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ባገኘው ቃላቱን ሰርዤ ሌላ እጽፍ ነበር። «ምሽት ተወለደ። ሐይቁ ታውኮ ነበር። በንጋት ተነሡ። የሚያሞቀው አልነበረም።» ለመጻፍ ጥቂት ይረዝማል። ለሚቀጥለው ሕፃን ግን ምን ማድረግ እንዳለብን ይነግረናል።